የተራበውን በሁለት ዓይኑ መሣል

በአንበሳሜ ከተማ ለሕዝብ የተሰጠ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ፣ ረኀብ ወይም ጎርፍ፣ ቸነፈር ወይም ጦርነት በሕዝብ ላይ በወረደ ጊዜ ሠዓሊውና ባለ ቅኔው፣ ዘፋኙና ፎቶግራፍ አንሺው ስለ ተጐዳው ወገን ምን ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ምንስ ማድረግ ይገባቸዋል የሚል ነው። ነገሩ በሩቅ ለሚሰማው የከተማ ሊቃውንት ክርክር ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ክረምት ሲበረታ ጉማራና ርብ ከወሰናቸው አልፈው የፎገራን ሜዳ ከጣና ጋር አንድ ባሕር ሲያደርጉት ላየ ሰው መከራ ከመጽሐፍ የሚማረው ነገር አይደለም፤ ድጓው ከቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ ከዙር አምባ፣ አቋቋሙ ከደብረ ታቦር በሚቀዳበት አገር ለተወለደ ሰውም ኀዘንን በዜማ መሸከም ከባዕድ የተዋሰው ጥበብ አይሆንበትም።

ነገሬን ከአንድ ቃል ልጀምር። በአማርኛችን ከየደጁ ቆሞ የሚለምነውን ሰው ‹‹የኔ ቢጤ›› እንለዋለን። ቃሉን ከልማድ ብዛት ሳናስተውለው እንናገረዋለን እንጂ ቢጤ ማለት አቻ፣ እኩያ፣ አምሳያ ማለት ነውና፣ የሰጪው እጅ ገና ሳይዘረጋ አንደበቱ አስቀድሞ ተቀባዩን እንደ ራሱ ያለ ሰው አድርጎ ሰይሞታል። ይህን ቃል ያወጡ አባቶቻችን ሀብታምና ድኻ በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ የገባለት ነገ ሊወጣበት፣ ዛሬ የሰጠው ነገ ሊቀበል እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለቴ ነው። እኔም ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ቃል አይርቅም፤ ስለ ተቸገረ ሰው የተሠራ ሥዕል ወይም ዜማ ያን ሰው የተመልካቹ ቢጤ ካደረገው ረድቶታል፤ የሚታይ ጉድ ካደረገው ግን እንጀራ ቢያመጣለት እንኳ ሌላ የማይመለስ ነገር ወስዶበታል።

ከእናንተ መካከል ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ የተማረ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ያ ተማሪ ከደጅ ቆሞ ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ሲል፣ በተአምረ ማርያም የተጻፈው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ለሰሚው ሁሉ ትዝ ይለዋል። የቅምር ሰው የነበረው በላኤ ሰብእ ሰባ ስምንት ነፍስ ከበላ በኋላ በመንገድ ላይ በጥም የተቃጠለ ለምጻም ያገኛል፤ ለምጻሙም ውሃ ይለምነዋል፤ በእግዚአብሔር ስም ቢለምነው፣ በሰማዕታት ስም ቢለምነው እንቢ ይላል፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ቢለምነው ጥቂት ጠብታ በእጁ ያፈስለታል። በፍርድ ቀን በሚዛኑ አንድ ወገን ሰባ ስምንቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያቺ ጠብታ ተቀመጠች፤ የእመቤታችንም ጥላ ባረፈባት ጊዜ ውሃዪቱ መዘነች። ይህ ታሪክ በዘጌ በኡራ ኪዳነ ምሕረትና በሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይገኛል፤ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንኳ የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በሄደ ቁጥር ሚዛኑን እያየ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከቅጥሩ ውጭ የተደረደሩትን ነዳያን ያገኛቸዋል። ስለ ድኾች ጥብቅና ለመቆም ከዚህ የበለጠ የታሰበበት ሥዕል፣ ከሥዕሉስ እስከ ነዳያኑ ካለው ርቀት ያጠረ መንገድ በየትኛው አገር እንዳለ አላውቅም። በታሪኩ ውስጥ ደግሞ የሚናገረው ለምጻሙ ራሱ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሌላ ሰው ስለ እርሱ አልለመነለትም፤ ሦስት ጊዜ በሦስት ስም የለመነው፣ ታሪኩንም ያዞረው የእርሱ አንደበት ነው።

ስለ ሥዕል ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊቱን ሙሉ አድርገው በሁለት ዓይኑ ሲሥሉት፣ ክፉውንና ከሓዲውን ግን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዓይኑ ብቻ ይሥሉታል። ሊቃውንቱ ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ፤ እኔን የሚገባኝ ግን ሁለት ዓይን ያለው ሥዕል እኛ እንደምናየው እርሱም የሚያየን መሆኑ ነው፤ ያየነውን ያህል ታይተናልና ከፊቱ ዝም ብለን ማለፍ አይቻለንም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ክፉ ቀን አያቶቻችን ከአያቶቻቸው ሰምተው ነግረውናል። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት የተነሣው ደስታ በሽታ አገሩን ሲያዳርስ ከመቶው ከብት ዘጠናው እንዳለቀ ይነገራል፤ ላሙና በሬው መታወቂያው ለሆነው ለፎገራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በጌምድርና ደምቢያ ደግሞ በዚያው በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ገብቶ ጎንደርን አቃጥሎ ነበርና መከራው በመከራ ላይ ተደረበ። በሬ ባለቀ ጊዜ አፄ ምኒልክ መቆፈሪያ ይዘው መሬት በእጃቸው መቆፈራቸው፣ መኳንንቱም አይተው መከተላቸው በታሪካቸው ተጽፏል፤ ይህን ድርጊት ከኪነ ጥበብ ወሰን ውጭ ለማድረግ አልደፍርም፤ ንጉሥ በቆፈረው ጥቂት መሬት አገር አይጠግብምና፣ የተሠራው ለመታየትና ለመከተል የሚሆን ትእምርት ነበር።

ያን ዘመን በቃል ያቆዩልን ግን አዝማሪዎችና አልቃሾች ናቸው። ስለ አልቃሽ ጥቂት ልቈይ፤ ሙሾ ስታወርድ ያያት ሁሉ ሥርዓቷን አያስተውልምና። አልቃሽ ከለቅሶው ቦታ ስትደርስ ወዲያው አትጀምርም፤ አስቀድማ የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የትውልድ ቀበሌውን፣ የሚወድደውን፣ የተሠማራበትን ሥራ ከዘመድ ትጠይቃለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ግጥሙን የምታወጣው። ለማንም ሊሆን የሚችል ሙሾ ለማንም አይሆንም፤ ቤተ ዘመዱም አይቀበለውም። ሺህ ሰው በሞተበት ዘመን እንኳ ለቅሶው የሚወጣው አንድ አንድ ሰው ተጠርቶ ነው። ከሩቅ አገር የመጡ ብዙ የተማሩ ሰዎች በካሜራና በብዕር ሊያደርጉት ሲሞክሩ የተሳናቸውን ይህን ሥርዓት በመንደራችን ያለች አንዲት ሴት ሳትማር ታውቀዋለች።

የጣልያን ወረራ ሲቃረብ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን በንግግር፣ በመዝሙርና በፉከራ ያነቃ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በባሕር ማዶም አንዲት እንግሊዛዊት ተነሡልን። ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በለንደን የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል የተማሩ ሴት ሲሆኑ፣ ብሩሻቸውን ለሴቶች የምርጫ መብት ትግል ያዋሉ፣ በኋላም ፈጽመው ያስቀመጡ ናቸው። ጠላት አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ፤ ሃያ ዓመትም አላቋረጡም፤ የመርዝ ጋዙን፣ የየካቲት 12ቱን እልቂት መስማት ለማይፈልግ ዓለም ደጋግመው ጻፉ። በስተርጅና አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐረፉ፤ ወለተ ክርስቶስ ተብለውም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ተቀበሩ። በሌላውም ዓለም እንዲህ ያሉ ነበሩ፤ ጀርመናዊቱ ኬቴ ኮልቪትዝ ለሩስያ ረኀብተኞች የእርዳታ ጥሪ ሥዕል ሠርታለች፤ የቤንጋሉ ዘይኑል አበዲን በ1935 ዓ.ም. ገደማ በካልካታ ጎዳና የሚወድቁትን ሰዎች ርካሽ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ነድፏል።

አሁን ወደ ወሎ ልመለስ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚያ ነውና። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በተራበ ጊዜ ረኀቡ እንዲነገር በመንግሥት ዘንድ አልተወደደም። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ ወርደው የነበሩ መምህራን ያመጡት ፎቶግራፍ በግቢው ለእይታ ሲቀርብ፣ ብዙ የአዲስ አበባ ተማሪ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የሚሞተውን ወገኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ጥላሁን ገሠሠ ‹‹ዋይ ዋይ ሲሉ›› የሚለውን እንጉርጉሮ ለረኀብተኞች አዜመ። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣው ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህም በ1966 ዓ.ም. የረኀቡን ሰለባዎች ሣለ። ሠዓሊዎቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሸራውንና ግድግዳውን ለቅዱሳንና ለነገሥታት ሲያውሉት ኖረው፣ አሁን በዚያው ስፍራ ያረፈው የተራበው ገበሬ ነበር፤ ይህን የቦታ ለውጥ እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በወሎ የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ሕዝቡም ልቡ ተነክቶ ገንዘብ አወጣ። ይህ ፊልም እስከዚህ ድረስ ሥራውን ሠርቷል። ነገር ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ በመካከሉ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ እየተሰካ ነበር። የታየው ነገር ሐሰት ነበር አልልም፤ ረኀቡም እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። ሆኖም በዚያች ሌሊት የወሎ ሰው የማንም ቢጤ አልሆነም፤ በሌላው ላይ የሚመዘዝ ሰይፍ ሆነ። ይህን የምለው ከዚያ በኋላ ከሆነው ነገር ተነሥቼ ነው፤ በዚያ ፊልም ሥልጣኑን ያጸና መንግሥት ዐሥር ዓመት ሲሞላው በ1977 ዓ.ም. መባቻ ከተማውን በባንዲራና በሰልፍ ሲያስጌጥ፣ ሰሜኑ ዳግመኛ በረኀብ እየረገፈ ነበር፤ ወሬውም እንደ ፊተኛው ተዳፍኖ ነበር። በተራበው ሰው ምስል የተጠቀመ ሁሉ የተራበውን ሰው ይወድዳል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንማር።

የ1977ቱን ክዳን የገለጠው የኬንያው ተወላጅ የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ነው። ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከማይክል ቡርክ ጋር በኮረም የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ታየ፤ ወዲያውም በዓለም ተበተነ። ዘፋኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ዘፈን ደረሱ፤ አሜሪካኖቹ ማይክል ጃክሰንና ሊዮኔል ሪቺ ተከተሉ፤ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተደረገው የሙዚቃ ትርኢት በብዙ አገር በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ገንዘብ የተገዛ እህል የበላ ሰው ዛሬም በሕይወት አለና፣ ሥራውን የሚያቃልል ቃል ከአፌ አይወጣም። መሐመድ አሚንም ቢሆን በ1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰ ፍንዳታ አንድ እጁን አጥቶ በቀረችው እጁ ሥራውን የቀጠለ፣ በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ ባሕር ዳርቻ በወደቀው የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ሕይወቱን ያጣ ሰው ነው።

ቢሆንም ቅሉ ስለ እኛ የተዘፈነው ያ የመጀመሪያው የእንግሊዞች ዘፈን አርእስቱ ራሱ፣ እነዚያ ሰዎች የገና በዓል መድረሱን ያውቁ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነበር። ጥያቄው የቀረበው ላሊበላ ስላለበት፣ ቤዛ ኵሉ ስለሚዘመርበት ስለ ወሎ ምድር ነው። ደራሲዎቹ በክፋት አላደረጉትም፤ ሰውየውን አልጠየቁትምና አላወቁትም። በዚያው ዓመት የካናዳ ጋዜጠኞች በትግራይ የቀረጹአት፣ ሞት አፋፍ ላይ የነበረች አንዲት ሕፃን በዚያ ታላቅ ትርኢት መካከል ስትታይ ሚሊዮኖች አልቅሰዋል፤ ካለቀሱት ግን ስሟን የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሃያ ዓመት በኋላ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ያቺ ልጅ አድጋ፣ የግብርና ትምህርት ተምራ፣ በለንደን መድረክ ላይ በእግሯ ቆመች፤ ስሟም ብርሃን ወልዱ መሆኑ በዓለም ፊት ተጠራ። ሃያ ዓመት! የእኛ አልቃሽ ብትሆን ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ይህን ስም ነበር።

የእኛ ሰዎች በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ ሥራው እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት የጎንደሩን ልጅ የኃይሌ ገሪማን ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› ተመልከቱ። አባቱ ገሪማ ታፈረ ‹‹ጎንደሬ በጋሻው››ን የደረሱልን ጸሐፊ ናቸው። ኃይሌ በአብዮቱ ዋዜማና መባቻ አገር ቤት ገብቶ በጥቂት ሳምንት በቀረጸው በዚህ ፊልም ውስጥ፣ ገበሬው እጁን የሚዘረጋ ሰው ሆኖ አልቀረበም፤ ያርሳል፣ ያልማል፣ ይቈጣል፣ በአማርኛው ይሟገታል፤ እንዴት እንደ ተራበ ሳይሆን ያመረተው እህል ወዴት እንደሚሄድ ፊልሙ ያሳያል። ከረኀቡ ጥቂት ዓመት በኋላም ‹‹ሕዝብ ለሕዝብ›› በተባለው ጉዞ ድምፃውያንና ተወዛዋዦቻችን በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞሩ ስለ ተደረገው እርዳታ ምስጋና አቅርበዋል፤ ክራርና መሰንቆውን፣ እስክስታውንና ከበሮውን ይዞ የሄደ ሕዝብ፣ ተቀባይ ብቻ ሆኖ የቆየበትን ስፍራ ለቅቆ ሰጪም ሆኖ ታየ።

ሥዕል ሆድ አይሞላም የሚለኝ ሰው ከመካከላችሁ ቢኖር አልከራከረውም፤ እህሉ መቅደም አለበት። የምለው፣ እህሉን የሚያመጣው ሥዕል ሰጪውንና ተቀባዩን በየትኛው መጠን እንደሚሥላቸው ተመልከቱ ነው። በደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ያን ሁሉ ወርቅና ጉልበት ያወጡት ንግሥት፣ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። በዚህ ዘመን የእርዳታ ሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ ገንኖና መካከሉን ይዞ የሚታየው ሰጪው ነው፤ ተደፍቶ የሚታየው ደግሞ የተራበው ነው።

እናንተ ወጣቶች ዛሬ በየኪሳችሁ ካሜራ ይዛችኋል። ጉማራ ሲሞላ፣ ወይም ጦርነት ያፈናቀለው ሰው በመንገዳችሁ ሲያልፍ፣ ለእርዳታ የሚጠራውን ምስል የምታነሡት እናንተ ናችሁ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አያስፈልግም። ስታነሡ ግን አስቀድማችሁ አልቃሽ የምትጠይቀውን ጠይቁ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ምን እንዲባልለት እንደሚፈልግ። እንዳይታወቅ የሚሻ ከሆነም ፈቃዱን ጠብቁለት።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት መውጫ ርብና ጉማራ ሜዳውን በዋጡት ጊዜ ከማኅበራችን ዳቦና ቆሎ ይዘን ወርደን ነበር። ከወረታ ወዲያ በአስፋልቱ ዳር ከፍ ካለ ስፍራ የተጠለሉ ብዙ ቤተሰቦች ነበሩ። አንድ ካሜራ የያዘ እንግዳ ወደ አንዲት ሁለት ልጆች ወዳቀፈች ሴት ቀረበ። እርሷም ምን ሊያደርግ እንደ መጣ ባወቀች ጊዜ ‹‹ቆይ›› ብላ ከእሽጓ ውስጥ ንጹሕ ነጠላ አወጣች፤ የልጆቿን ፊት በውሃ አበሰች፤ ጸጉሯን አስተካክላ ተቀመጠች። እንግዳው ነጠላውን እንድታወልቅ በእጁ አመለከተ፤ አስተርጓሚውም ልጅ አፍሮ እያቀረቀረ፣ ‹‹እናቴ፣ እንደ ነበሩ ይሁኑ ነው የሚለው›› አላት። እርሷም ቀና ብላ በሁለት ዓይኗ እያየችው፣ ‹‹እንደ ነበርሁማ ይኸው ነው፤ ውሃው ቤቴን ወሰደ እንጂ እኔን አልወሰደ›› አለችው። ሰውየው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሌሎቹ አለፈ።

ይህን ቃሏን ከዚያ ወዲህ በብዙ ጉባኤ ላይ አንሥቼዋለሁ፤ ብዙ ሰውም በእርሷ ቃል እኔን አመስግኖኛል። በዚያ ቀን ግን ዳቦውን ሰጥቻት፣ በመልሷ ተደንቄ፣ ራሴን ነቅንቄ ወደ ቀጣዩ ቤተሰብ ሄድሁ፤ ስሟን እኔም አልጠየቅኋትም። ዛሬም በርብ ድልድይ ባለፍሁ ቁጥር ንጹሕ ነጠላ የለበሰች፣ ዕድሜዋ የእርሷን የሚያህል ሴት ካየሁ ሹፌሩን አስቆማለሁ።